ድንጋይን ከነቦታው ማምጣት፦ ለሰሜን ሸዋ አማተር የጂኦሎጂ ማኅበራት የአንድ ቀን የመስክ ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አዳዲስ አባላት ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ። ድንጋዮቹ ብዙ ጊዜ ያማሩ ናቸው፤ «ይህ ከየት መጣ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን «ከጀማ በኩል» ወይም «ከደብረ ሲና መውረጃው» ከማለት ያለፈ መልስ አይኖራቸውም። ይህ መልስ በሌላ አገር ምናልባት ይበቃ ይሆናል፤ በሰሜን ሸዋ ግን አይበቃም። ከለሚ አፋፍ ተነሥቶ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ባዝልት (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ) ላይ ይራመዳል፤ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ደግሞ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ በባሕር ውስጥ በተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ላይ ይቆማል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ቦታን በ200 ሜትር መሳት ማለት ናሙናውን ከሌላ ዘመን ጋር መቀላቀል ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ሰው ያለው ቡድን በአንድ ቀን ሄዶ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ የማንንም መሬትና ቅርስ ሳይነካ፣ ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል ማስታወሻና ናሙና ይዞ እንዲመለስ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ አንዱን ዘልሎ ወደሚቀጥለው ማለፍ የብዙዎቹ ውድቀቶች ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ይምረጡ

«ድንጋይ ለማየት እንሄዳለን» ተብሎ የሚወጣ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። ከመውጣትዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ቡድኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጻፍና በአንድ ቀን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ይስማማ። ለምሳሌ የሚከተሉት ለጀማሪ ቡድን የሚሆኑ ናቸው፦

- በደብረ ብርሃን አሮጌ የድንጋይ አጥሮችና ግድግዳዎች ውስጥ ስንት ዓይነት ድንጋይ አለ? ከየትኛውስ የድንጋይ ማውጫ መጣ?
- በጣርማበር መንገዱ ሲሠራ በተቆረጠው አለት ላይ ስንት የላቫ ፍሰት ተደራርቦ ይታያል?
- ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባዝልቱ የሚያበቃውና የአሸዋ ድንጋዩ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙዎች ይንቁታል። እኔ ግን አዲስ ቡድን ሁሉ ከእርሱ እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ፤ መኪና፣ ገደልና ፈቃድ የማያስጨንቁበት ቦታ ላይ መመልከትንና መመዝገብን ስለሚያስለምድ ነው። ጣርማበር ለሁለተኛ ጉዞ ይሆናል፤ እዚያ ያለው ሁሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ዓይን በአንድ ቤተሰብ ላይ ይሠለጥናል። (የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በደጋው ላይ በሰፊው ለሚገኝ የባዝልት ክፍል መጠሪያውን የወሰዱት ከዚሁ ከጣርማበር ነው።) የጀማ ቁልቁለት ሦስተኛው ይሁን።

የኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ፍለጋን የመጀመሪያ ጥያቄዎ አያድርጉ። በመንዝ በኩል የመዘዞ ኦፓል ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የታወቀ ሲሆን የሚገኘውም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ እንደ እንቁላል በተቋጠሩ ክብ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ማዕድን ማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ጉድጓዶቹም ያለ ድጋፍ የተቆፈሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ለማየት ብቻ ከሆነ ፈቃድ ካላቸው አምራቾች ጋር ተነጋግረው በላይ ሆነው ይመልከቱ፤ ወደ ጉድጓድ አይግቡ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና ጸጥታ

1. ከጉዞው ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ወደሚሄዱበት ወረዳ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። በደብዳቤው ላይ የተጓዦቹን ብዛት፣ ቀኑን፣ መንገዱንና ዓላማውን ይጻፉ፤ «ማዕድን ፍለጋ» የሚል ቃል እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ «የትምህርትና የምልከታ ጉዞ» የሚለው እውነቱ ነውና እርሱን ይጠቀሙ።
2. በቀበሌው ውስጥ የሚታወቅ አንድ ሰው አብሯችሁ እንዲውል ይጠይቁ፤ የቀን አበሉንም ቀድመው ይስማሙ።
3. ስለ መንገዱ ጸጥታ ሁለት ጊዜ ያጣሩ፤ አንድ ጊዜ ከሦስት ቀን በፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዋዜማው ማታ። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ጥርጣሬ ከተነሣ ጉዞውን ያስተላልፉ። ድንጋዩ ነገም እዚያው አለ።

የእርሻ ባለቤቱን በቦታው ሲያገኙት የወረዳው ደብዳቤ ሰላምታን አይተካም። መዶሻዎቹን በቦርሳ ውስጥ አድርገው ይቅረቡ፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ እኛ ከደብረ ብርሃን የመጣን ነን፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተደራረበ እያየን እንማራለን፤ ወርቅም ሌላም አንፈልግም፤ ከማሳዎ ዳር ያለውን ገደል ብናይ ይፈቅዱልናል?» ማለት ይበቃል። ባለቤቱ እምቢ ካሉ አመስግነው ይለፉ፤ አይከራከሩ።

ይህን ሰላምታ ለጨዋነት ብቻ ብዬ አልጻፍኩትም። በአንድ ጉዞ ላይ ፈቃድ የጠየቅናቸው አዛውንት ምን እንደምንፈልግ ከሰሙ በኋላ በከዘራቸው ወደ ገደሉ እያመለከቱ፣ «ምንጩ ሁሉ የሚወጣው ከቀዩ አፈር በላይ ነው፤ ከእርሱ በታች ብትቆፍሩ ደረቅ ነው» አሉን። ቀዩ አፈር በሁለት የላቫ ፍሰቶች መካከል የተቀበረ የጥንት አፈር ነበር፤ ላይኛው ባዝልት በስንጥቆቹ የሚያሳልፈውን ውሃ ያ ሸክላማ አፈር ስለሚያግደው ምንጩ በዚያ መስመር ይፈልቃል። እኛ ግማሽ ቀን ስንፈልገው የነበረውን መስመር እርሳቸው በከዘራቸው ጫፍ አሳዩን።

ደረጃ 3፦ ወቅትና ሰዓት

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አይውጡ፤ ገደሎች ውሃ ይጠግባሉ፣ አለቱም በሣርና በጭቃ ይሸፈናል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ ወራት ስለሆኑ በማሳ መካከል አቋርጦ ማለፍ አይቻልም፤ በመንገድና በወንዝ ዳር ብቻ ይሥሩ። በደብረ ብርሃን የሌሊቱ ውርጭ ከባድ ሲሆን የጀማ ሸለቆ ግን በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚያቃጥል ይሆናል፤ ስለዚህ የሚደረብና የሚወለቅ ልብስ ይያዙ።

የቀኑን ሰዓት ከኋላ ወደ ፊት ያስሉ። ከ11 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ መመለስ ካለብዎ፣ ከሸለቆ መውጣት ከመውረድ ሁለት እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድ ይቁጠሩ። በእኛ ልምድ የመመለሻው ሰዓት 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ሰዓት የትም ቢደርሱ ፊትዎን ያዙሩ። ይህን ሰዓት በማስታወሻ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ በመስክ ላይ ሆኖ «እስቲ ቀጣዩን ጠመዝማዛ ብቻ እንይ» የማይል ሰው የለምና።

ደረጃ 4፦ ዕቃ

ለእያንዳንዱ ሰው፦ ጠንካራ ጫማ፣ ቆብ፣ ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት እርሳስ።

ለቡድኑ፦ ሁለት መዶሻ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ኮምፓስ፣ የአምስት ሜትር ሜትሮ፣ የማይለቅ ማርከር፣ ነጭ የሕክምና ፕላስተር፣ ወፍራም ፌስታሎች፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ኮምጣጤ በትንሽ ጠርሙስ፣ የድሮ የብረት ምስማር፣ የመዳብ ሳንቲም ወይም ሽቦ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን።

ስለ መዶሻው ጥቂት ልበል። ምስማር ለመምታትና ለመንቀል የተሠራው የአናጢ መዶሻ በባዝልት ላይ ሲመታ ከራሱ ብረት ስባሪ ሊፈናጠር ይችላል፤ ያ ስባሪ ዓይን ያጠፋል። የጂኦሎጂ መዶሻ ካላገኙ የግንበኛ መዶሻ ይጠቀሙ። መዶሻን በመዶሻ አይምቱ። መዶሻ ከሁለት በላይ አይያዙ፤ አሥር ሰው አሥር መዶሻ ይዞ ከሄደ የሚያየው ሰው አይኖርም፣ ሁሉም ይመታል።

ካርታን በተመለከተ የአገሪቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ያሳተመው ባለ 1፡250,000 ሚዛን የደብረ ብርሃን የካርታ ሉህ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ይጠቅማል። በዚህ ሚዛን አንድ ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ካርታው ላይ የተሰመረው የሁለት አለቶች ድንበር በመንገዱ ላይ በትክክል በዚያው ቦታ ይገኛል ብለው አይጠብቁ። ድንበሩን በእግር ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ደረጃ 5፦ የሥራ ክፍፍል

ከመኪና ከመውረድ በፊት አራት ሰዎች ይሰየሙ። መሪው ፍጥነቱንና ሰዓቱን ይወስናል። መዝጋቢው የቡድኑን ዋና ደብተር ይይዛል። ናሙና ያዡ ቁጥር ሳይጻፍበት አንድም ድንጋይ ወደ ከረጢት እንዳይገባ ይቆጣጠራል። የኋላ ጠባቂው ከሁሉም በስተኋላ ይሄዳል፤ ከእርሱ ኋላ ማንም አይቀርም። መሪውና መዝጋቢው አንድ ሰው ከሆኑ ሁለቱም ሥራ ይበላሻል፤ ይህን ደጋግመን አይተነዋል።

ደረጃ 6፦ በአለቱ ፊት

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው። አለቱ ጋ ሲደርሱ መዶሻ አይውጣ። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦

1. ራቅ ብለው ይቁሙ። ከገደሉ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ርቀው ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። በመጀመሪያ ከላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ፣ አዲስ የወደቀ ስባሪና ትኩስ ስንጥቅ መኖሩን ይፈትሹ። ካለ ወደ ሥሩ አይጠጉ።

2. ይሳሉ። ፎቶ ሥዕልን አይተካም፤ ካሜራ ሁሉንም እኩል ያያል፣ እጅ ግን ዓይን የለየውን ብቻ ይስላል። ንብርብሮቹን በመስመር ይለዩ፣ ቀለማቸውንና ግምታዊ ውፍረታቸውን ከጎን ይጻፉ፤ ሰው አቁመው ለመለኪያነት አብረው ይሳሉት። የሥዕሉን አቅጣጫ (ለምሳሌ «ወደ ምሥራቅ ሲታይ») ሳይጽፉ ገጹን አይግለጡ።

3. ቦታውን ይመዝግቡ። ስልክዎን ክፍት ቦታ ላይ ይዘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና ኬክሮስና ኬንትሮሱን በዲግሪ አሥርዮሽ ይጻፉ። በሰሜን ሸዋ ኬክሮሱ በ8 ተኩልና በ11 መካከል፣ ኬንትሮሱ በ38 እና በ40 መካከል መሆን አለበት፤ ከዚህ ከወጣ ቁጥሮቹ ተገለባብጠዋል ወይም ተሳስተዋል። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል በቃላትም ይግለጹ፦ «ከድልድዩ በላይ ሁለተኛው ጠመዝማዛ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ከውሃ መውረጃ ቱቦው 40 እርምጃ»።

4. ይጠጉና ንጹሕ ገጽ ይፈልጉ። በአየር የቆየ የድንጋይ ገጽ ያታልላል። ጥቁሩ ባዝልት ቡናማ፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ግራጫ መስሎ ይታያል። ቀድሞ ከወደቀ ስባሪ ላይ አዲስ የተሰበረ ገጽ ካገኙ መምታት እንኳ አያስፈልግም።

5. ከመቱ በሥርዓት ይምቱ። መነጽር ያድርጉ፤ ሌሎቹ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ፤ «ልመታ ነው» ይበሉ፤ ከራስ ቁመት በላይ ያለን አለት ፈጽሞ አይምቱ። ከመንገድ ድጋፍ ግንብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ከምንጭ ራስና ከመቃብር ስፍራ ድንጋይ አይነካም።

6. በሌንስ ይመልከቱ። ሌንሱን ወደ ዓይን አስጠግተው ድንጋዩን ወደ ሌንሱ ያምጡ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚያደርግ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ፍሬዎች አሉ ወይስ የሉም? ክብ ናቸው ወይስ ሹል? ቀዳዳዎች አሉ? ቀዳዳዎቹ ተሞልተዋል?

7. ስም መጨረሻ ይሰጥ። በደብተሩ ላይ «ባዝልት» ብለው ከመጻፍዎ በፊት «ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬው በዓይን የማይለይ፣ ጥቂት ክብ ቀዳዳዎች ያሉት» ብለው ይጻፉ። ስሙ ቢሳሳት ገለጻው ያርመዋል፤ ገለጻ የሌለው ስም ከተሳሳተ ግን የሚያርመው የለም።

ደረጃ 7፦ ቀላል ፈተናዎች

ጥንካሬን ለመለየት ጥፍር፣ መዳብና ብረት ይበቃሉ። ጂፕሰምን (ጀሶ የሚሠራበትን) ጥፍር ይጭረዋል። የኖራ ድንጋይን ጥፍር አይጭረውም፣ ምስማር ግን በቀላሉ ይጭረዋል። የአሸዋ ድንጋይን በምስማር ሲፍቁ ፍሬዎቹ ይረግፋሉ እንጂ ፍሬው ራሱ አይጫርም፤ አብዛኛው የአሸዋ ፍሬ የሆነው ኳርትዝ ከብረቱ ይጠነክራልና።

ለኖራ ድንጋይ የአሲድ ፈተና የታወቀ ነው። በቤተ ሙከራ የሠለጠነ አባል ከሌለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይያዙ፤ ኮምጣጤ ይበቃል። ድንጋዩን በምስማር ፍቀው ዱቄት ያውጡና በዱቄቱ ላይ ሁለት ጠብታ ያድርጉ፤ አረፋ በዝግታ ከወጣና በሌንስ ከታየ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን) አለው። ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለበት ይጻፉበት፤ ከመጠጥ ውሃ ጋር በአንድ ኪስ አይቀመጥ። አሲድ የሚያዘጋጅ የሠለጠነ ሰው ካለ ደግሞ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ይጨምር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምር።

ይህ ፈተና ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሦስቱን ዋና ስህተቶች ልዘርዝር።

የመጀመሪያው፣ ባዝልት ላይ አረፋ ማየት ነው። ባዝልቱ ኖራ ድንጋይ አልሆነም፤ የጥንት ጋዝ የተወው ቀዳዳ በኋላ በካልሳይት ተሞልቶ ነው። ነጩን ነጥብ ትተው ጥቁሩን አካል ይፈትኑ። ሁለተኛው፣ የአሸዋ ድንጋይ ላይ አረፋ ማየት ነው፤ ፍሬዎቹን ያጣበቀው ካልሳይት ሊሆን ይችላል። በሌንስ ይመልከቱና ፍሬዎቹ ካሉ «ካልሳይት ያጣበቀው የአሸዋ ድንጋይ» ብለው ይጻፉ። ሦስተኛው፣ ኮምጣጤው ምንም አለማድረጉ ነው፤ ዱቄት ሳይወጣ በደፈናው ድንጋይ ላይ ከተንጠባጠበ እውነተኛው የኖራ ድንጋይም ዝም ሊል ይችላል።

በጀማ ቁልቁለት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚጠበቀው ተራ እንዲህ ነው፦ ባዝልት፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ (ባለሙያዎች የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ የሚሉት)፤ ከዚያ ቀይና አረንጓዴ የጭቃ ድንጋይ (የሙገር ጭቃ ድንጋይ)፤ ከዚያም የአንታሎ የኖራ ድንጋይ። ይህን ተራ አስቀድመው ማወቅ ይጠቅማል፤ ግን ያልታየውን እንዲያዩ አያድርግዎ። የጭቃ ድንጋዩ በቀላሉ ስለሚሸረሸር በአፈርና በቁጥቋጦ ተሸፍኖ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ ያኔ «ተሸፍኗል፣ 60 እርምጃ» ብለው ይጻፉ እንጂ በግምት አይሙሉት።

የንብርብርን ዘንበል መለካት ለጀማሪ ይከብዳል። ቀላሉ መንገድ በንጹሕ የንብርብር ገጽ ላይ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ ንብርብሩ የሚያዘነብልበት ነው። አቅጣጫውን በኮምፓስ ያንብቡ። በባዝልት አጠገብ ግን ኮምፓስ ሊስት ይችላል፤ ባዝልት ማግኔታይት ስላለው መርፌውን ይስባል። ጥርጣሬ ካለዎ ሁለት ሰው በ30 እርምጃ ርቀት ይቁምና እርስ በርስ ይነባበብ፤ የሁለቱ ንባብ ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነ ቦታ ይለውጡ።

ደረጃ 8፦ ናሙናና መለያው

የናሙና መጠን የጭብጥ ያህል ይሁን። ከአንድ ጣቢያ (ቆመው ከመዘገቡበት ቦታ) ከሁለት በላይ አይውሰዱ።

1. ድንጋዩ ከአለቱ እንደተነሣ፣ እጅ ላይ እያለ፣ ፕላስተር ይለጠፍበትና በማርከር ቁጥር ይጻፍበት፤ ለምሳሌ «ጀማ 4/ለ»፣ ማለትም የጀማ ጉዞ፣ አራተኛ ጣቢያ፣ ሁለተኛ ናሙና።
2. ከአለቱ የተነሣበትን ቦታ በቁጥሩ አጠገብ በሥዕሉ ላይ ምልክት ያድርጉ።
3. በጋዜጣ ይጠቅለል፤ ያው ቁጥር በወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ አብሮ ይግባ።
4. ወደ ፌስታል ይግባና በፌስታሉ ላይም ቁጥሩ ይጻፍ።
5. መዝጋቢው ቁጥሩን፣ ጣቢያውን፣ ገለጻውንና የሰብሳቢውን ስም በደብተሩ ላይ ያስገባ።

ሦስት ቦታ መጻፉ የበዛ ሊመስል ይችላል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎቼ በአንዱ ላይ መለያዎቹን ሁሉ በእስክሪብቶ ጽፌ እርጥብ ከሆኑ ድንጋዮች ጋር በፌስታል አስገባኋቸው። ማታ ቤት ደርሼ ስከፍት 14ቱም ወረቀቶች ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆነው ነበር። የትኛው ከየት እንደመጣ ለማስታወስ እስከ ሌሊት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ድንጋዮቹን በሙሉ በማግሥቱ ጓሮ ውስጥ ደፋኋቸው። እርሳስ በውሃ አይለቅም።

ቅሪተ አካል ሲያጋጥም

በጀማ ሸለቆ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ደግሞ 21 ሚሊዮን ዓመት ያለፋቸው የቅጠል ቅሪቶች ተጠንተዋል። ስለዚህ አጥንት፣ ጥርስ ወይም ቅጠል ማግኘት የማይታሰብ ነገር አይደለም። ሲያጋጥም አይንኩት፣ አያጽዱት፣ አያውጡት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም የተከለከለ ነው። መለኪያ የሚሆን ሳንቲም ከጎኑ አስቀምጠው ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ ያንሡ፤ ቦታውን ይመዝግቡ፤ በስንጥቅ ወይም በጎርፍ አደጋ ላይ ከሆነም በቃል ይግለጹ። በማግሥቱ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ትክክለኛውን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ። ከንብርብሩ የተነቀለ ጥርስ ለተመራማሪ ያለው ዋጋ አብዛኛው እዚያው ንብርብር ላይ ቀርቷል።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

ጉም ከወረደ። በጣርማበር ይህ በድንገት የሚሆን ነው፤ መተላለፊያው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር እዚያ ጉም ይሆናል። ከመንገድ ዳር ሥራዎን ያቁሙ፤ ሹፌር አያያችሁም። መኪና በሚያልፍበት የመንገዱ ዋሻ ውስጥና በዋሻው አፍ ላይ በምንም ሁኔታ አይሥሩ።

መሬቱ አዲስ ከተሰነጠቀ ወይም ዛፎች ካዘነበሉ። ወዲያው ወደ ጎን ይውጡ፣ ወደ ታች አይውረዱ። በደብረ ሲና አካባቢ በይዛባ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤቶችን አፍርሶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። በዚያ ገጽ ላይ የተሰነጣጠቀ ባዝልት ወደ ሸክላ በተለወጡ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ላይ ተቀምጧል፤ ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ያዩትን ስንጥቅ ለቀበሌው መናገር ግዴታዎ እንደሆነ ይቁጠሩት።

ሰው ከተጎዳ። ሥራው በዚያው ያበቃል። ሁለት ሰው ከተጎዳው ጋር ይቅር፣ ሁለት ሰው አብሮ ለእርዳታ ይሂድ፤ ማንም ብቻውን አይላክ። ዓይን ውስጥ ስባሪ ከገባ አይሹት፣ አያውጡት፤ ሁለቱንም ዓይን በስሱ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ሰው ከጠፋ። የመጨረሻ ጊዜ ሁሉም አብሮ የታየበት ቦታ ላይ ይሰብሰቡ። ይህ የሚሠራው በጠዋቱ «የጠፋ ሰው ባለበት ይቁም» ተብሎ ከተነገረ ብቻ ነው።

የጣቢያ ቁጥሮች ከተዘበራረቁ። ወዲያው ይቁሙና በፎቶዎቹ ሰዓት ተመርተው ያስተካክሉ፤ ማታ እናስተካክላለን አይበሉ። ማስተካከል ያልቻሉትን ናሙና እዚያው ይተዉት።

ሰፈርተኛ ተሰብስቦ «ምን አገኛችሁ?» ካለ። ከረጢቱን ይክፈቱና ያሳዩ። ሌንሱን ለልጆቹ ይስጡ። ደብቆ የሚሄድ ቡድን ሀብት ይዞ የሄደ ይመስላል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ቡድን መንገዱ ይዘጋበታል።

ደረጃ 10፦ በዚያው ማታና በሚቀጥለው ሳምንት

ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ፦ በእርሳስ የተጻፈውን ማስታወሻ አንብበው የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙሉ፤ ናሙናዎቹን ቆጥረው ከደብተሩ ጋር ያመሳክሩ። ሌላው ለነገ ይደር።

በማግሥቱ ድንጋዮቹን በውሃና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡ፤ ጂፕሰምንና የጭቃ ድንጋይን ግን አይጠቡ፣ ጂፕሰሙ ይሟሟል፣ የጭቃ ድንጋዩም ይፈርሳል። ፕላስተሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚነሣ በድንጋዩ ላይ ትንሽ ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ሲደርቅ ቁጥሩን በማርከር ይጻፉበትና ግልጽ የጥፍር ቀለም ያልብሱት። በስጦታ ወይም በሕጋዊ ግዢ ያገኙት የመዘዞ ኦፓል ካለ ፀሐይ ላይ ወይም መብራት አጠገብ አያስቀምጡት፤ በውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ብዙው ይሰነጣጠቃል።

በሳምንቱ ቡድኑ እንደገና ይገናኝና ሁሉንም ናሙናዎች ከላይ ወደ ታች በተነሡበት ተራ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደርድር። የእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል ከናሙናው አጠገብ ይቀመጥ። ከዚያ መዝጋቢው የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ቡድኑም መልሱን በአንድ ገጽ ይጻፍ። መልሱ «ድንበሩ በሦስተኛና በአራተኛ ጣቢያ መካከል ነው፤ በመካከሉ ያለው 60 እርምጃ ግን ተሸፍኗል» የሚል ከሆነ ጥሩ መልስ ነው፤ የሚቀጥለው ጉዞ ከዚያ 60 እርምጃ ይጀምራል። ገጹን ከናሙናዎቹ ዝርዝር ጋር በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ በማኅበሩ ይቀመጥ፣ ሌላው ፈቃድ ለሰጠው ወረዳ ይሂድ። ድርድሩን ከመበተንዎ በፊት በአካባቢው ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ እንዲመጣ ይጋብዙ፤ ልጆቹ ድንጋዮቹን በእጃቸው ያንሡ፣ ሲጨርሱ ግን ናሙና ያዡ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ወደ ቦታቸው ይመልስ።